የቀኙ ወንበር እግር

የጥልፉ የመጨረሻ ቅጠል ሊያልቅ ጥቂት ስፌት ሲቀረው ፋርማሲስቷ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣችና ሻይ ጣደች። ሻይ አላማራትም። ውኃው እስኪፈላ ምድጃው አጠገብ ቆመች፤ ከፈላ በኋላም ቆመች። ሳሎን ውስጥ አማቷ ጋዜጣቸውን ከፊታቸው ሳያወርዱ፣ «ይኼ ሻይ ለዛሬ ነው ወይስ ለነገ?» አሏት።

«መጣሁ እማማ።»

«መምጣትሽንማ ሳምንቱን ሙሉ እየሰማሁት ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ጥልፉ ወደ ማለቁ በተቃረበ ቁጥር የቤት ሥራ ይበዛባታል። ንጹሑን መጋረጃ አውርዳ አጠበች። የመደርደሪያውን ብርጭቆ ሁሉ አውጥታ መልሳ ደረደረች። ትናንት ደግሞ አንድም እንከን ያልነበረበትን ቅጠል «አረንጓዴው ደመቀብኝ» ብላ ፈታችው። አማቷ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ሲደመር ውሎ ሲደመር አድሮ ውጤቱ ፈቀቅ የማይል ነገር ከዓይናቸው አያመልጥም። ቢሆንም ከሻዩ በቀር ስለ ሌላው አልጠየቋትም።

ምክንያቱን ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ፍሬም ሠሪ። ቤት መጥቶ አማቷን በግልጽ ለማናገር፣ በልቡ ያለውን ለመናገር ፈቃድ ጠይቋት ነበር። እሷም ቶሎ መመለስ አቃታትና፣ «ጥልፉን ልጨርሰው። ፍሬም የገባ ዕለት መልሱን እነግርሃለሁ» አለችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላስታወሳትም። ብቻ በየጠዋቱ ሱቁን ሲከፍት በመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ መርፌ እንደያዘ ሰው ጣቶቹን ከፍ ዝቅ ያደርግላታል። እሷም ከመስታወቱ ጀርባ ራሷን ትነቀንቃለች። ገና ነው።

ጥልፉ የቆየ ነው። ቀዳዳው በሚቆጠር ነጭ ጨርቅ ላይ ትንንሽ መስቀለኛ ስፌት እየተደረደረ ሥዕል የሚወጣበት ዓይነት ሲሆን፣ ሥዕሉ ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን፣ ከበላያቸው መስኮት፣ ከመስኮቱ ውጭ ደግሞ አንድ ዛፍ ነው። የጀመረችው በትዳሯ የመጀመሪያ ዓመታት ነበር። ባሏ ቀያሽ ነበር፤ ጓደኞቹ «ሜትር» ነበር የሚሉት፣ እሷም ስትስቅበት እንዲያ ትለው ነበር። የንድፉ ወረቀት እሱ እጅ፣ ጨርቁ እሷ እጅ ሆኖ ከሰዓቱ ያልፋል። «አራት ቡናማ፣ ሁለት ዝለይ፣ አራት ቡናማ» እያለ ያነብላታል፤ እሷ ትጠልፋለች። ታዲያ አንድ እሑድ የቀኙን ወንበር እግር ሲያነብላት ያንኑ ረድፍ ደጋግሞ አነበበውና እግሩ ከሌሎቹ ረዝሞ፣ ወለሉን አልፎ ወረደ። ሥራዬ ብላ ስታሳየው አላፈረም። መሬቱ ተዳፋት ነው፣ የለካሁት እኔ ነኝ፣ የፈለገ ባለሙያ መጥቶ ያረጋግጥ ብሎ ተከራከራት። ለምን እንደተሳሳተ የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ከዚያ ሜትር ታመመ። መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተሰካ ሁሉም ነገር በአንድ ፎጣ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ግርጌ ገባ። እሱ ካረፈ በኋላ ለብዙ ዓመት ያንን ፎጣ የነካው የለም።

ያወጡት አማቷ ናቸው። ባለፈው ክረምት ብርድ ልብስ ሲፈልጉ አገኙትና ጭኗ ላይ አስቀምጠውላት ወደ ክፍላቸው ገቡ። መርፌው ዝጎ ጨርቁ ላይ ቡናማ ነጥብ ትቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የጠለፈችውን ሁሉ ማታውኑ ፈታችው። ክሩን በመርፌው ዓይን ለማስገባት አሁን መነጽር ያስፈልጋታል፤ መነጽሩን ስታደርግ ደግሞ ወረቀቱ ይርቅባታል። ጣቶቿ ግን አልረሱም ነበር። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ያዘነበለው፣ ከዚያ በላዩ ወደ ግራ ያዘነበለው፤ ሳታዝዛቸው ያውቁታል። የጠፋባት ቆጠራው ነው። ወረቀቱን በልብስ መቆንጠጫ አምፖሉ ላይ ሰቅላ እያየች ብትሞክርም ረድፉ መሐል ላይ ይጠፋባታል። አንድ ቀን ታዲያ ከንፈሯ ብቻውን «ሁለት ዝለይ» ሲል ሰማችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስታነብ ድምፅ ታሰማለች።

ፍሬም ሠሪውንም ያመጣባት ይኸው ጥልፍ ነው። መጋዝ የነካው አውራ ጣቱን ይዞ ፕላስተር ሊገዛ ገብቶ፣ ከባንኮኒው ሥር ጨርቁን የሚወጥረውን ክብ እንጨት አየ። ደንበኛ ሁሉ ዶክተር ይላታል፤ እሱም አላት። ዶክተር እንዳልሆነች ነገረችው። «እሺ ዶክተር፣ ሁለተኛ አልልም» ብሎ ወጣ። ጣቱ ከዳነ በኋላም በምሳ ሰዓት ብቅ ማለቱን አልተወም። አንድ ቀን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቶ ወረቀቱን ላንብብልሽ ቢላት፣ «እሱን እንኳ ብቻዬን ነው የማነበው» አለችው። አልተቀየማትም። ወንበሩን ትንሽ ራቅ አድርጎ ተቀመጠና ዝም ብሎ አያት፤ እሷም መታየቱ እንዳልከበዳት ስታውቅ ደነገጠች።

ያን ዕለት ከሻዩ በኋላ የመጨረሻውን ስፌት ሰፋች፣ ክሩን ከጀርባ ቋጥራ ቆረጠች። አማቷ ጋዜጣቸውን አጥፈው መጡ። ዛፉን ዳሰሱ፣ መስኮቱን ዳሰሱ፣ የቀኙ ወንበር እግር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይኼን አትፈቺውም?»

ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር። ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለእናቱ እንዴት ይነግሯል? «አሮጌ ጨርቅ ነው እማማ፣ ብፈታው ይቀደዳል» አለችና ጨርቁን አጠፈች። አማቷ «እህ» ብለው ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። የተሰማት ግን ሩቅ ተጓዥ ሸኝቶ ወደ ባዶ ቤት የሚመለስ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነው።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ጨርቁን በወረቀት ጠቅልላ መንገዱን ለመሻገር ስትነሣ፣ የመድኃኒት ቤቱ ካሸር ዓይኗን ከደረሰኙ ሳታነሣ፣ ለዚያ ሰውዬ ጣት ሌላ ፕላስተር ትልክለት እንደሆነ ጠየቀቻት። ደህና ነው፣ ድኗል አለቻት። «ታዲያ ሲድንም በየቀኑ የሚታከም በሽታ ምን ዓይነት ነው ዶክተር? እኛ ጋ መድኃኒቱ አለ?» አለች ካሸሯ። ፋርማሲስቷ ወጣች፤ ፈገግታዋን ግን በሩ ላይ ያለው መስታወት አሳበቀባት።

የፍሬም ሱቁ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ የማዕዘን ናሙናዎች፣ ወርቃማው፣ ጥቁሩ፣ ቀለም ያልነካው እንጨት፣ በምስማር ተሰቅለዋል። ወለሉ ላይ ፍቅፋቂ፣ አየሩ ላይ የሙጫ ሽታ አለ። ፍሬም ሠሪው ጥቅሉን ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ጠርጎ አየው፣ አላመነውምና ሄዶ ታጠበ። ከዚያ ጨርቁን ዘረጋ። ገለበጠውና ጀርባውን አየ፤ ከጀርባ በኩል የድሮው ቋጠሮና የአሁኑ ቋጠሮ ይለያያሉ፣ የት ላይ ቆሞ የት ላይ እንደቀጠለ ይታወቃል። መልሶ አዙሮ በእጁ መዳፍ ዳበሰው።

«ዓርብ ይደርሳል» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔስ እደርስ ይሆን?»

«ዓርብ እናያለን» አለችው። ስለ እግሩ ምንም አላነሣችም። የሚጠይቃት መስሏት ነበር። ቢጠይቃት ኖሮ ትነግረው ነበር፤ በዓለም ላይ ለእሱ ብቻ።

እስከ ዓርብ ድረስ መንገዱን ስትሻገር እግሯ ቀለላት። ሐሙስ ማታ አንድ የቆየ ሰማያዊ ቀሚስ አውጥታ ተኮሰች፣ መልሳ ሰቀለችው፣ ጠዋት ላይ ግን ለበሰችው።

ዓርብ ጥልፉ ጠረጴዛው ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ጠበቃት። ፍሬም ሠሪው ጸጉሩን ተስተካክሎ ነበር። ጨርቁን ሲገልጠው የገዛ ሥራዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች መሰላት። ቀለም ያልነካው እንጨት፣ አራቱ ማዕዘን እንደ አንድ ዛፍ ገጥሞ፣ ከመስታወቱ ሥር ክሬም ቀለም ያለው ካርቶን ሥዕሉን ከቦት፤ ዛፉ ነፋስ የነካው ይመስል ነበር። ልትለው ያሰበችው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ።

ካርቶኑ በሥዕሉ ወለል ልክ ተቆርጧል። አራት ለአራት፣ ስምንቱም የወንበር እግሮች እኩል ቆመዋል።

«እግሩስ?» አለች።

ፍሬም ሠሪው አላያትም። «ካርቶኑ ሥር ነው። አልተነካም። እንዲስተካከል ተብሎ ነው።»

«ማን አስተካክል አለ?»

እጁ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። «የሸፈንኩት እኔ ነኝ» አለ።

አልተቆጣችም። ቤቷ ገብቶ የሚቀመጥበትን ቦታ የለካ፣ እዚያ የነበረው ሰው ትንሽ ቢተርፍበት ጊዜ ጫፉን የከረከመ ሰው መሰላት። ለእሷ ሲል ሳይሆን ለመልኩ ሲል ያደረገው መሰላት። ያንን እግር በነዚያ ሁሉ ዓመታት ከፎጣው ውስጥ ሳታወጣው እንኳ ታውቀው ነበር፤ በጨለማ ብትዳስሰው ታገኘው ነበር።

«ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ» አለችው። በመሐላቸው እርስዎ መባባል የቀረው ከብዙ ወራት በፊት ነበር። «መልሱን እንዲጠብቁም አልፈልግም።»

ፍሬም ሠሪው ፍሬሙን በወረቀት ጠቀለለላት፣ ገመዱን አሰረ፣ ከባድ ነውና እስከ ቤት ላድርስልሽ አላላትም። በሩን ብቻ ያዘላት።

ምነው በተከራከረኝ፣ አለች በልቧ መንገዱን ስትሻገር። ምነው አንድ ቃል እንኳ ለራሱ ቢናገር።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት የመድኃኒት ቤቱ መጋረጃ በግማሽ ወርዶ ዋለ። ፀሐዩ መድኃኒቶቹን ያበላሻል አለች፤ ካሸሯ ወደ ደመናው ሰማይ አየች። ፍሬም ሠሪው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት አንድ ሁለት ቀን እጁን ከፍ ማድረግ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። አንድ ቀን በካሸሯ እጅ ቁራጭ ወረቀት ላከ፦ «ፈቃድሽ ከሆነ ከፍቼ እንደነበረው አደርገዋለሁ። ሌላ የምለው የለኝም።» ሌላ የምለው የለኝም የሚለው አናደዳት። ይህን ያህል ሳትነግረው የሚያውቃት ሰው እንዴት ሌላ የሚለው አይኖረውም? ወረቀቱን ግን አልጣለችውም፤ ለምን እንዳልጣለችው ራሷን አልጠየቀችም።

ፍሬሙ መኝታ ቤቷ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። አማቷ ለምን እንደማይሰቀል ሲጠይቋት ምስማር የለም አለች። ምስማሩን አምጥተው አጠገቧ አስቀመጡት። መዶሻው ጠፋ አለች። መዶሻውንም አመጡ። «አልወደድኩትም እማማ» አለቻቸው በመጨረሻ፤ እሳቸውም ምስማሩንና መዶሻውን ይዘው ተመለሱ።

እሑድ ምሳ ቀርቦ አማቷ ሾርባቸውን አልነኩም። ማንኪያውን አንሥተው አስቀመጡት፣ ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ መኝታ ቤቱ ገቡ። ስትከተላቸው ፍሬሙን ከግድግዳው ሊያላቅቁ ሲታገሉ አገኘቻቸው። ተቀብላቸው አልጋው ላይ አስተኛችው። ሁለቱም ከግራና ከቀኝ ተቀመጡ።

«ከሰውየው ጋር ለምን ተጣላሽ?» አሏት።

«ከየቱ ሰውዬ?»

«ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ከኋላዬ ማን እንደሚያወራ ሳልዞር የማውቅ ሴት ነኝ። አንቺ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰሽ ስትወጪ ሳላይሽ ቀርቼ ነው?»

ፋርማሲስቷ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ በጣቶቿ ታጥፍ፣ ትዘረጋ ጀመር። ሥራውን እንዳልወደደችው፣ ሳይጠይቃት ጥልፉን እንደሸፈነባት ተናገረች። ሰው ሳይጠይቅ እንዲህ የሚያደርግ ከሆነ ነገ ደግሞ ሌላውን ይሸፍናል አለች። ድምፅዋን ተቆጣጥራ ነው የተናገረችው፤ ተቆጣጥራ ስትናገር ምን ማለት እንደሆነ አማቷ ያውቃሉ።

«እኔ ነኝ ሸፍነው ያልኩት» አሉ አማቷ።

ቀና ብላ አየቻቸው።

ጥልፉ ሱቁ ውስጥ በነበረበት ሳምንት፣ ረቡዕ ዕለት እሷ ሥራ ስትሄድ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጥተው ነበር። ሰውየውን ለማየት ነበር የሄዱት፤ ምን ዓይነት እጅ እንዳለው፣ ሽማግሌ ሲያይ ይነሣ እንደሆነ። ተነሣ። በሱቁ ውስጥ ያለችውን አንዲት ወንበር ጠርጎ ሰጣቸው። ጥልፉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ካርቶኑ ገና አልተቆረጠም። ያንን እግር ሸፍነው አሉት። አይሆንም፣ የጠለፈችው ትጠየቅ አላቸው። እንደገና ቢሉትም አይሆንም አለ። በስተመጨረሻ እናቱ እኔ ነኝ አሉት፣ የእኔን ልጅ እጅ ነው የያዝከው አሉት። ያኔ እሺ አለ። ለእሷ አትነግራትም ብለው ቃል አስገቡት።

«ግን ለምን እማማ?»

አማቷ መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገው ሲጨርሱም አላደረጉትም።

«የሒሳብ አስተማሪ ልጅ ነው። ቀያሽ ነው። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ መቁጠር አቅቶት ነበር እንዴ እያለ ጣት ይቀስርበት? ቢኖር ይመልስላቸው ነበር። አፉ ለማንም አያንስም ነበር። አሁን ግን ራሱን መከላከል አይችልም እኮ።»

ውጭ አንድ መኪና አለፈ። ፋርማሲስቷ ከዚህ በፊት ለማንም ያልተናገረችውን ለመናገር ስትዘጋጅ ፊቷ ጋለ፤ በዚህ ዕድሜዋ፣ በእናቱ ፊት።

«መቁጠር አቅቶት አይደለም እማማ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ወረቀቱን ትቶ እኔን ያይ ነበር። አንድ ረድፍ ያነብልኝና ቀና ብሎ ያየኛል። ወደ ወረቀቱ ሲመለስ የት እንደነበረ ይጠፋውና ያንኑ መልሶ ያነባል። ቀና ይላል፣ ይመለሳል፣ ያንኑ ያነባል። እኔም አውቄ ነበር። እያወቅኩ ጠለፍኩት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ካረምኩት ማየቱን ያቆማል ብዬ ነው።»

እጃቸው የፍሬሙን መስታወት እየዳሰሰ ወደ ታች ወረደና ካርቶኑ ላይ፣ እግሩ የተደበቀበት ቦታ ላይ ቆመ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እያለቀሱ መስሏት ልትይዛቸው ስትል እየሳቁ ነበር፤ ልትስቅ ስትል ደግሞ እያለቀሱ ነበር።

«እና ምን አለሽ ስትነግሪው?»

«መሬቱ ተዳፋት ነው አለኝ።»

«ውሸታም» አሉ አማቷ። በዚህ ቃል ውስጥ ያለውን ፍቅር እሷ ከእሳቸው አፍ ሰምታው አታውቅም። «ይከፈት» አሉ ቆይተው። «ነገውኑ ይከፈት። ረድፉን ልቁጠረው። ልጄ ስንት ጊዜ እንዳየሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ እጇን ያዟት። የጠመኔ ዓመታት ያደረቁት እጃቸው ቀላል ነበር። ሰውየው ሊያጣት ሲል እንኳ አላሳበቀባቸውም፤ አማቷም ስንቱን ክፍል አስተምረው ጓደኛው ላይ የማይናገር ልጅ ያጋጠማቸው ጥቂት ነው አሉ። «እኔን ብለሽ ከሆነ ደግሞ የዘገየሽው፣ እኔ ልጅ አጥቼ ልጅ የተረፈኝ ሰው ነኝ። ብቻሽን ተቀምጠሽ ስታነቢ መስማት ደከመኝ።»

ለካ ይሰሟት ኖሯል። በእነዚያ ከሰዓቶች ሁሉ፣ ከጋዜጣው ጀርባ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ አብረው መንገዱን ተሻገሩ። ፍሬሙን እሷ ታቅፋለች፣ አማቷ ክንዷን ይዘዋል። የመድኃኒት ቤቱ መጋረጃ ተከፍቷል፤ ካሸሯ ከመስታወቱ ጀርባ ሆና ሥራ የያዘች መስላ ታያቸዋለች። ፍሬም ሠሪው ገና መዝጊያውን እያነሣ ነበር። ሲያያቸው መዝጊያው እጁ ላይ ቀረ።

«ያንን ቃል ፈትቼልሃለሁ» አሉት አማቷ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ። «ወንበሬ የት አለች?»

ጠርጎ ሰጣቸው። ፍሬሙን ገልብጦ ከጀርባው ትንንሾቹን ምስማሮች አንድ በአንድ ነቀለ። ምስማሮቹ ቆርቆሮ ሰሐን ውስጥ ሲወድቁ ይሰማ ነበር። መስታወቱን አነሣ፣ ካርቶኑን አነሣ። እግሩ እዚያው ነበር። ረጅም፣ ቡናማ፣ ወለሉን አልፎ የወረደ።

አማቷ ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ጫፍ ረድፉን ተከተሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ስንት ነው እማማ?»

«እሱ የእኔና የልጄ ነው» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው፣ በሩ አጠገብ የተሰቀሉትን ናሙናዎች ሊያዩ ሄዱ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። በመሐላቸው ጥልፉ ተዘርግቷል። ለመጀመር የምትፈልገው ይቅርታ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

አንተ ስትለው ሰማ። ትከሻው ዝቅ አለ፤ ሳምንቱን ሙሉ ተሸክሞት የከረመውን ነገር ያወረደ መሰለ። «እናት ናቸው» አለ። «ቃል ገባሁላቸው። ብነግርሽ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ትጣያለሽ፤ እኔ ከዚያ ቤት ሰው ላጣላ ነው እንዴ የመጣሁት?» ጣቱን ከእግሩ አጠገብ፣ ሳይነካው አሳረፈ። «ስቆርጠው ደስ አላለኝም። ስሕተት እንዳልሆነ ገብቶኝ ነበር። ስሕተትማ ቢሆን አንቺ ፈትተሽው ነበር።»

ብዙ ነገር ልትለው ትችል ነበር። ስለ ሜትር፣ ስለዚያ እሑድ፣ ስለ ፎጣው። አንድ ቀን ትነግረዋለች፤ አሁን ለመናገር ጊዜ እንዳላት ታውቃለች። ጊዜ አለኝ ብላ ያሰበችበትን የመጨረሻ ቀን አላስታወሰችውም።

«እሑድ ና» አለችው።

ፍሬም ሠሪው በእሺታ ራሱን ብቻ ነቀነቀ፤ ዓይኑ ግን ከዓይኗ አልተነሣም፤ እሷም አላነሣችም። ከበሩ በኩል፣ ጀርባቸውን እንደሰጧቸው፣ አማቷ፣ «ለምሳ ነው። እንዳታረፍድ» አሉት።

አሁን ጥልፉ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። ካርቶኑ ዝቅ ብሎ ተቆርጦለት የቀኙ ወንበር እግር እንደ ልቡ ወርዷል። እንግዳ መጥቶ ጣት ሲቀስር አማቷ ሌላውን ሰው ይቀድማሉ፤ መሬቱ ተዳፋት ነው፣ ልጄ ነው የለካው ይላሉ፤ የበለጠ አይናገሩም።

ፋርማሲስቷ አዲስ ጨርቅ ወጥራለች። ሥዕሉ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰማያዊ ማሰሮ ነው፤ ገና ከንፈሩ ነው የወጣው። ፍሬም ሠሪው ከሰዓት በኋላ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ወንበሩን ትንሽ ራቅ አድርጎ ተቀመጠ። እሷ መርፌዋ ላይ ክር አስገባች። ከዚያ ከአምፖሉ ላይ የልብስ መቆንጠጫውን ፈታች፣ ወረቀቱን አወረደች፣ አቀበለችው።

እሱ ወረቀቱን ያዘና ለአፍታ ምን እንደተሰጠው ያላወቀ ሰው መሰለ። ከዚያ ወንበሩን አቀረበ።

«ሦስት ሰማያዊ፣ አንድ ዝለይ፣ ሦስት ሰማያዊ» አለ።

ጠለፈች።

«ሦስት ሰማያዊ፣ አንድ ዝለይ፣ ሦስት ሰማያዊ።»

መርፌው አየር ላይ ቆመ። ቀና አላለችም። ቀና ብትል ምን እንደምታይ ታውቅ ነበር፤ ግንባሯ ላይ፣ ጉንጯ ላይ፣ የፀሐይ ያህል ይሞቃት ነበር። መርፌዋን ወደ ጨርቁ መለሰችና ያንኑ ረድፍ ደግማ ጠለፈችው።

ከጋዜጣው ጀርባ አማቷ ገጽ ገለጡ።

«ይኼም ጠረጴዛ ተዳፋት ነው መሰለኝ» አሉ።